ያረጀ የእንጨት ዕቃን በቀለም ስለ ማደስ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች

በየትምህርት ቤቱ ጓዳ የተመለከተ ሰው፥ እግሩ የተናጋ አግዳሚ፥ ቀለሙ የተላጠ ጠረጴዛ፥ መደገፊያው የወለቀ ወንበር ተከምሮ ያገኛል። ይህ ሁሉ አሮጌ ነው ተብሎ ቢናቅም፥ ብዙው እንጨት ገና ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ልብሱ፥ ማለት ላይኛው ቀለም ነው። ዋንዛ፥ ጥድና ዝግባ ለሳንቃ እስኪደርሱ ድረስ ብዙ ዘመን የሚፈጁ ዛፎች ስለ ሆኑ፥ ያለውን አግዳሚ ጠግኖና ቀብቶ ማቈየት ገንዘብንም ደንንም ማዳን ነው። በቤት ያለውም ሣጥን፥ አልጋና ወንበር እንደዚሁ ሊታደስ ይችላል።

ሥራው ግን ቀላል ቢመስልም ትዕግሥትንና ዕውቀትን ይፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በቈሻሻና በቅባት ላይ ይቀባና፥ ዓመት ሳይሞላው ቀለሙ ይላጥበታል፤ በዚህ የሚጠፋው ገንዘብና ድካም ብቻ ነው። ዕውቀት የሌለው ሰው ግን አሮጌውን ቀለም በደረቁ ፍቆ አቧራውን በልጆች መካከል ይበትናል፤ በዚህ የሚጠፋው የልጅ ጤናና አእምሮ ስለ ሆነ፥ ኋላ ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ አዲሱን ቀለም እንዴት እንደሚቀቡት ከማስተማሩ በፊት፥ ከአሮጌው ቀለም እንዴት እንደሚጠነቀቁ ያስረዳል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፥ የአገራችን አቈጣጠር ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩። ቀለም ከምን እንደሚሠራ

ቀለም ከሦስት ነገር ይሠራል። አንደኛው መልክ የሚሰጠው የደቀቀ ዱቄት ነው። ሁለተኛው ዱቄቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ ነው፤ ይኸውም በዘይት ቀለም ዘንድ እንደ ተልባ ዘይት ያለ የሚደርቅ ዘይት፥ ወይም ከዘይት ጋር የተዋሐደ ሙጫ ነው። ሦስተኛው ለመቀባት እንዲመች የሚያቀጥነው ፈሳሽ ነው፤ እርሱም በውሃ ቀለም ዘንድ ውሃ፥ በዘይት ቀለም ዘንድ አኳራጅ የሚባለው ነው።

ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ማቅጠኛው በንኖ ይጠፋል። ዘይቱ ግን አይበንም፤ ኦክስጅን የሚባለውን የአየር ክፍል ተቀብሎ ይጠነክራል እንጂ። የዘይት ቀለም በተዘጋ ቤት ቶሎ የማይደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ደግሞም ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ይሰጣል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል፥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ፥ ማንም እሳት ሳያስነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ከሥራ በኋላ በውሃ መንከር፥ ወይም በውጭ አንድ በአንድ ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ በሣር ክዳን ሥር አከማችቶ መተው ግን ቤትን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

፪። በአሮጌ ቀለም ውስጥ ስለሚገኘው እርሳስ

እርሳስ ስንል ተማሪ የሚጽፍበትን ማለታችን አይደለም። የጽሕፈት እርሳስ ውስጡ ግራፋይት የሚባል የከሰል ወገን ከሸክላ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ስለ ሆነ፥ መርዝ የለበትም። የቀደሙ ሰዎች ግራፋይትን የእርሳስ ወገን አድርገው ይቈጥሩት ስለ ነበር፥ በእኛ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛና በጀርመንኛም የጽሕፈት መሣሪያው በእርሳስ ስም ይጠራል። በስዊድን አገር ይሠራ የነበረው ካርል ሼሌ የሚባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1779 ግራፋይት የከሰል ወገን መሆኑን አስረድቷል። እዚህ የምንናገርለት ግን ጥይት የሚሠራበት ከባዱ እርሳስ ነው።

ከዚህ ከባድ እርሳስ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ለብዙ መቶ ዓመታት በዘይት ቀለም ውስጥ ይገባ ነበር። ምክንያቱም ቀለሙን ወፍራም፥ ቶሎ የሚደርቅና ለዝናብና ለፀሐይ የሚጸና ስለሚያደርገው ነው። ብሩህ ቢጫ፥ ብርቱካንማና አረንጓዴ መልክ ለማውጣትም ክሮም ከሚባለው ማዕድን ጋር የተዋሐደ እርሳስ ይጨመር ነበር። እንግዲህ ልጅን ደስ የሚያሰኘው ደማቅ ቀለም ብዙ ጊዜ መርዙ የሚበዛበት ነበር ማለት ነው።

እርሳስ ወደ ሰው አካል ከገባ በኋላ በደም ይዘዋወራል፤ በአጥንትም ውስጥ ብዙ ዓመት ይቀመጣል። ደምን ያሳንሳል፥ ኩላሊትን ይጐዳል፥ ከሁሉም ይልቅ በማደግ ላይ ያለውን አንጐል ያበላሻል። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ውስጥ ወደ አካሉ የሚገባው እጅ ከትልቅ ሰው አራትና አምስት ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ ጕዳት የማያደርስ ነው የሚባል የእርሳስ መጠንም እንደማይታወቅ አስታውቋል። እርጉዝ ሴትም ብትተነፍሰው ወይም ብትውጠው ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ይህ መርዝ ብዙ ጊዜ ልጁን በግልጽ አያሳምመውም። ትኵሳት የለው፥ ቍስል የለው፤ ነገር ግን ልጁ የተማረውን መያዝ ያቅተዋል፥ ትኵረቱ ይበተናል፥ በትንሽ ነገር ይቈጣል። ይህን ያየ መምህር ስንፍና ወይም ክፉ ጠባይ ይመስለዋል፤ ወላጅም ልጁን ይገሥጻል። የልጅ መድከም ሁሉ ከእርሳስ ነው ለማለት አይቻልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነውና። ነገር ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ እጁን የሚያሳርፍበት ጠረጴዛ ቀለሙ እየተላጠ ዱቄት የሚያፈስ ከሆነ፥ ልጁ ከመወቀሱ በፊት ጠረጴዛው መመርመር ይገባዋል።

የዓለም ሕዝብ ይህን የተረዳው ቀስ በቀስ ነው። በ1904 በአውስትራልያ፥ በብሪዝበን ከተማ፥ ሎክሃርት ጊብሰን የሚባለው ሐኪም በእርሳስ የታመሙ ልጆች መርዙን ያገኙት ከቤታቸው በረንዳ ቀለም መሆኑን ገለጠ፤ ልጆቹ በእጃቸው የተጣበቀውን የቀለም ዱቄት ወደ አፋቸው ያገቡት ነበር። ፈረንሳይ ነጩ የእርሳስ ቀለም በቤት ቅብ እንዳይገባ በ1909 ሕግ አወጣች። በ1921 በዤኔቭ የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ጉባኤ ስለዚሁ ቀለም አንድ ስምምነት አጸደቀ። አሜሪካ በቤት ቀለም ውስጥ እርሳስ እንዳይገባ የከለከለችው በ1978 ነው። በአገራችንም በ2018 በወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል።

ከእነዚህ ዓመታት የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። የሚታደሰው ዕቃ ከደንቡ በፊት የተቀባ ከሆነ፥ ወይም መቼ እንደ ተቀባ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፥ እርሳስ እንዳለበት አድርጎ መቍጠር ይገባል። በዓይን አይቶ ወይም አሽትቶ መለየት አይቻልም፤ በእርግጥ የሚለየው በመሣሪያ ምርመራ ብቻ ነው።

፫። ዕቃውን በሦስት ስለ መለየት

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዕቃው ሁሉ ወደ ውጭ ወጥቶ በሦስት ክፍል ይለይ።

የመጀመሪያው ክፍል ቀለም የማይገባው ዕቃ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር በርጩማ፥ በተለይም በጅማ አገር የሚሠራው፥ ውበቱ በእንጨቱ መልክና ብዙ ዘመን በመቀመጥ ባገኘው ወዝ ነው። እንዲህ ያለው የአባቶች ዕቃ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፥ ደርቆ፥ በጥቂት ሰም ቢታሽ ይበቃዋል። ምግብ የሚቀርብበት ገበታም በቀለም አይቀባም።

ሁለተኛው ክፍል አሮጌው ቀለም ያልተላጠና ያልተሰነጠቀ ነው። ይህ ቀለም ፈጽሞ አይፋቅ፤ ያልተነካ ቀለም አቧራ አያወጣምና። በሳሙና ታጥቦ፥ ላዩ በእርጥቡ ጥቂት ተፈግፍጎ፥ በአዲስ ቀለም ይሸፈናል። አዲሱ ቀለም እስካልተላጠ ድረስ ለአሮጌው እንደ ክዳን ይሆነዋል።

ሦስተኛው ክፍል ቀለሙ የሚላጥ፥ የሚረግፍ ወይም በጣት ሲነካ ዱቄት የሚተው ነው። አደጋው ያለው በዚህ ነውና፥ አስቀድሞ ከልጆች መካከል ይወሰድ።

፬። የሚላጠውን ቀለም ስለ መፋቅ

የዚህ ሥራ ታላቁ ሕግ፥ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅ፥ በእሳትም አይቃጠል የሚል ነው። በደረቁ ሲፋቅ ዓይን የማያየው አቧራ ይነሣል፤ በእሳት ሲቃጠል ደግሞ እርሳሱ ከጢሱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ የሚከተለው ሥርዐት ይጠበቅ።

ሥራው ልጆችና እርጉዝ ሴቶች በሌሉበት፥ ከመማሪያ ክፍል፥ ከወጥ ቤትና ከውሃ ጕድጓድ ርቆ፥ ነፋስ በማይበዛበት ቦታ ይሁን። ከዕቃው በታች ሰፊ ላስቲክ ይነጠፍ። የሚፋቀው ስፍራ በውሃ ይረጭ፤ ቀለሙ ሲርስ በመፋቂያ ብረት ቀስ ተብሎ ይነሣ፤ በደረቀም ቍጥር እንደ ገና ይረጭ። የቀረው ሻካራ ክፍል ውሃ በማይፈታው በጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀት፥ ውሃ እየተጨመረ ይፈግፈግ።

ሠራተኛው ለደቀቀ አቧራ የተሠራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ ነጠላ ወይም ጋቢ መከናነብ ይህን አቧራ አያግድም። በሥራ ላይ ሳለ አይብላ፥ አይጠጣ፥ አያጭስ። ሲጨርስ እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱንም ቤት ሳይገባ አውልቆ ከሕፃናት ልብስ ለይቶ ይጠብ። ሕፃን ልጁን አቅፎ መሳም የሚፈልግ አባት ይህን ከማድረጉ በፊት መታጠቡን አይርሳ።

ፍቅፋቂው በእርጥቡ ተሰብስቦ በወፍራም ላስቲክ ከረጢት ይታሰር። ቦታው በመጥረጊያ አይጠረግ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ። ፍቅፋቂው በአትክልት ቦታ፥ በወንዝ ዳር ወይም ከብት በሚሰማራበት አይጣል፤ ወዴት እንደሚወገድ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። ከአገልግሎት የወጣ ባለ ቀለም ሳንቃም ለማገዶ አይሰጥ። በእርሱ እንጀራ ቢጋገር ጢሱ ለምታጋግረው ሴት፥ ዐመዱም ዕቃ ለሚታጠብበት ቤተ ሰብ መርዝ ይሆናል።

፭። ስለ ጥገና

ቀለም የተናጋ እግርን አያጸናም፤ ስለዚህ ጥገና ከቅብ ይቀድማል። የላላ መጋጠሚያ ሲገኝ ምስማር መቸንከር ልማድ ሆኗል፤ ምስማር ግን እንጨቱን ይሰነጥቃል፥ ኋላም ይዝጋል። የሚሻለው መጋጠሚያውን አላቅቆ፥ አሮጌውን ማጣበቂያ አንሥቶ፥ አዲስ ኮላ ቀብቶ መግጠም ነው። ከዚያ በኋላ በዙሪያው ገመድ ታስሮ፥ በገመዱ ውስጥ በትር ገብቶ እየተጠመዘዘ ይጥበቅ፤ እንደዚሁም 24 ሰዓት ይቈይ።

በእንጨቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቢታዩ፥ ከሥራቸው አዲስ ዱቄት መኖሩና አለመኖሩ ይታይ። አዲስ ዱቄት ካለ እንጨት የሚበላው ትል ገና በሕይወት ነው፤ ያ ዕቃ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ቀለም ትሉን አይገድለውምና። ምስጥ በሚበዛበት አገር ደግሞ የጠረጴዛው እግር ከአፈር ላይ አይቁም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሥሩ ይደረግ፤ የእግሩም ታች እርጥበት እንዳይጠጣ ደኅና አድርጎ ይቀባ።

ስንጥቅና ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈን። ስቱኮ ሲደርቅ ስለሚኮማተር፥ ጥልቅ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አይሞላ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እየደረቀ ይሞላ። አሮጌ ቀለም የሌለበት ባዶ እንጨት አስቀድሞ በቍጥር 80፥ ቀጥሎ በ120፥ በመጨረሻ በ220 የብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ቍጥሩ ሲበዛ ወረቀቱ ይልማል። እጅም የእንጨቱ መስመር በሚሄድበት አቅጣጫ ይሂድ፤ መስመሩን አቋርጦ የሄደ ጭረት ቀለም ከተቀባ በኋላ ጐልቶ ይታያል።

፮። ስለ ቅቡ

ከመቀባት በፊት አሮጌው ቀለም የዘይት ወይም የውሃ መሆኑ ይታወቅ። በአልኮል የራሰ ጨርቅ ጥቂት ስፍራ ሲታሽ ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከወጣ፥ ብዙ ጊዜ የውሃ ቀለም ነው፤ ካልወጣ የዘይት ነው። በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ላይ ሳይፈገፈግ የተቀባ የውሃ ቀለም እንደ ሽንኵርት ልጣጭ ይነሣል።

ባዶ እንጨት አስቀድሞ መሠረት ቀለም ያሻዋል። የመሠረት ቀለም ተግባር ማማር አይደለም፤ የእንጨቱን ቀዳዳ መድፈንና ለሚከተለው ቀለም መያዣ መሆን ነው። ጥድና እንደ እርሱ ያሉ እንጨቶች በጕጣቸው ዙሪያ ቅባትና ሙጫ አላቸው፤ ይህ ቅባት በቀለሙ ውስጥ አልፎ ብጫ ነቍጥ ይሆናል። እንዳይሆን በጕጡ ላይ ብቻ በአልኮል የሚቀጥነው ሼላክ የሚባል ሙጫ አስቀድሞ ይቀባ።

አዲስ ቀለም ሲገዛ እርሳስ የሌለበት መሆኑ በቆርቆሮው ላይ መጻፉ ይታይ። ከመጀመሩ በፊት ከታች የተቀመጠው ዱቄት እስኪነሣ ድረስ በእንጨት ይማሰል። ብሩሹ እስከ ፀጕሩ እኩሌታ ብቻ ይነከር። አንድ ወፍራም ቅብ ከሁለት ቀጫጭን ቅብ ያንሳል፤ ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ይጨማደዳል። በአንደኛውና በሁለተኛው ቅብ መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ፤ ብርድ በሚበዛበት ደጋ ከዚህም የበለጠ ይጠበቅ። በጠራራ ፀሐይ የተቀባም ቀለም አረፋ ያወጣል፤ ስለዚህ ጤዛ ከተነሣ በኋላ በጥላ ሥር ይቀባ።

ትምህርት ቤት ስለ ጊዜው የሚያስብበት ችግር አለ። ልጆች የሌሉበት ረጅሙ ዕረፍት ክረምት ነው፤ በክረምት ግን እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፥ ቀለምም ለመድረቅ ይዘገያል። የሚሻለው ሥራውን በሁለት መክፈል ነው። ፍቁና ጥገናው ልጆች ወደየቤታቸው በሄዱበት በክረምት፥ ዙሪያው ክፍት በሆነ ጣራ ሥር ይሠራ። ቅቡ እንጨቱ ደኅና በደረቀበት በበጋ፥ በጥር ወይም በየካቲት በሚሆነው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት፥ እንደ ገና ታጥቦና ደርቆ ይቀባ። ከመጨረሻው ቅብ በኋላም ልጆች ሳይቀመጡበት ቢያንስ ሰባት ቀን በነፋሻ ቦታ ይቈይ።

፯። ስለ ልኬቱና ስለ ሠራተኛው

ቀለም ከመግዛት በፊት መለካት ገንዘብ ያድናል፤ ይህም ለተማሪዎች መልካም የሒሳብ ትምህርት ነው። አንድ ሊትር የዘይት ቀለም በለሰለሰ እንጨት ላይ አንድ ጊዜ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። አንድ ጠረጴዛ ርዝመቱ 1.20 ሜትር፥ ወርዱ 0.40 ሜትር ቢሆን፥ ላይና ታቹ 0.96 ካሬ ሜትር ነው። ከእርሱ ጋር የተያያዘው መቀመጫ ርዝመቱ 1.20፥ ወርዱ 0.30 ሜትር ቢሆን፥ ላይና ታቹ 0.72 ካሬ ሜትር ነው። እግሮቹና ማገሮቹ 0.82 ካሬ ሜትር ቢሆኑ ጠቅላላው 2.50 ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባም 5 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ 1 ሊትር ለ2 ጠረጴዛ፥ 10 ሊትር ለ20 ጠረጴዛ ይበቃል። ሁሉም ባዶ እንጨት ከሆኑ፥ አንድ ጊዜ ለሚቀባው መሠረት ቀለም 5 ሊትር ይጨመራል።

ልኬቱን፥ ሒሳቡንና የዕቃውን መዝገብ ተማሪዎች ይሥሩት። አሮጌ ቀለም የሚነካበት ሥራ ግን የትልልቅ ሰዎች ብቻ ይሁን። መምህሩና ሽማግሌው መፋቂያና ብሩሽ ቢይዙ ክብራቸው አይቀንስም። ዳግማዊ ምኒልክ በአገራችን አቈጣጠር በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በእጅ ሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸውን ሽማግሌዎች ለልጆች ሊያስታውሷቸው ይችላሉ።

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል። ዛሬ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ስንገናኝ የምንቸገረው መቼና በምን እንደ ተቀባ የጻፈልን ሰው ስለሌለ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዲህ እንዳይቸገር፥ በየጠረጴዛው ሥር፥ እጅ በማይደርስበት ስፍራ፥ የተቀባበት ወርና ዓመት፥ የቀለሙ ዓይነት፥ እርሳስ የሌለበት መሆኑ፥ ከአዲሱም በታች አሮጌ ቀለም መቅረቱና አለመቅረቱ በግልጽ ይጻፍ። ይኸው ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ የንብረት መዝገብ ደግሞ ይግባ።